ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛው ሰው

አባቷ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። ዕድሜውን የፈጀው የመንግሥት ሆስፒታሉን ጄኔሬተር ሲያስነሳ ነው፤ ቤታቸውም ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነበር። መብራት እልም ሲል እናቷ ክብሪት ዳብሳ ሳታገኝ እሱ ከቤት ወጥቷል።

"እኔን ትተህ ያንን ብረት ብታገባ ይሻልህ ነበር!" ትለው ነበር።

ልጅቷ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ጆሮዋን ታቆማለች። ሞተሩ ተንደቅድቆ ሲነሳ ልቧ ቅቤ ይጠጣል። አባዬ ደረሰ ማለት ነው፤ የሚወለደው ይወለዳል፣ የተከፈተውም ሆድ ይሰፋል። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቃታል።

አድጋ ሥራዋ ሆስፒታሎች ምን ያህል እንደሚታመኑ መገምገም ሆነ። አባቷ የሐሞት ጠጠሩን በቀዶ ሕክምና ሊያስወጣ ቀጠሮ በያዘበት ሰሞን ያው የእሱ ሆስፒታል ደረሳት። የግል ሆስፒታል ልውሰድህ ብትለው፣ "የራሴን ቤት ትቼ የሰው ደጅ ልጥና?" ብሎ አሳቃት።

የግምገማው ዕለት አብሯት ሄደ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት ዋናው መብራት እንዲጠፋ አዘዘች። ኮሪደሩ ጨለመ። አባቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እግሮቹ ሊሮጡ ተነሱ፤ ጡረተኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ግን መልሶ አሳረፋቸው። ሞተሩ ዝም። አሁንም ዝም።

"ባትሪው ደክሞ ነው" አለ የጥገና ኃላፊው፣ ላብ እያጠመቀው። ሞተሩ በስንት ጊዜው ተነሳ፤ የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ያን ጊዜ ነገሩ ባከተመ ነበር።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ወላወለች። አይታመንም ብላ ብትጽፍ የአባቷን ዕድሜ የምትሰርዝ መሰላት። አጠገቡ ተቀመጠች።

"መጠነኛ ጉድለት ብዬ ልለፈው፣ አባዬ?"

"ለእኔ ብለሽ?"

"ለአንተ ብዬ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ። ደህና ነው ካልሽ ማን ይጠግነዋል? እንዳለ ጻፊው። እኔ እስኪጠገን እጠብቃለሁ።"

"ሕመምህስ?"

"ስንት ዘመን ቻልኩት፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ይቻለኝ!"

እንዳለ ጻፈችው። እሱም በማስታገሻ እየተደገፈ ጠበቀ። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ባትሪ ገባ፤ እሷም ተመልሳ አስሞከረችው።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት ነርሷ፣ "ጫማዎን ያውልቁ፣ አባባ" አለችው። እሱ ግን ወደ ልጁ ዞረ።

"ሲነሳ በጆሮሽ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ፣ አባዬ። ወዲያው ነው የተነሳው።"

አጎንብሶ ማሰሪያውን ፈታ፤ ጫማውንም አውልቆ ሰጣት።