እንሺራህ ስለ ፊልሙ የተናገረችው

እሑድ ጠዋት በመምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ማን ምን ፊልም አየ። አንዱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየውን ያወራል፣ ሌላው ሶፋ ላይ ተጋድሞ እኩሌታው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ያቋረጠውን። የጂኦግራፊ መምህሩ ኡስታዝ ፈትሐላህ ስለ ማንኛውም ፊልም ያላቸው አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ ረዝሟል ይላሉ። እንግሊዝኛ የምታስተምረው ኔርሚን ደግሞ ያየችውን በመተረክ አታበቃም፤ ተነሥታ ትሠራዋለች።

እንሺራህ ደብተር እያረመች ነው የምታዳምጠው። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። እስክንድርያ ውስጥ በዚህ የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወቷ እዚያ የሚያውቅ ሰው የለም። ታናናሾቹ መምህራን እንደ ታላቅ እህት «አብላ» ይሏታል፤ ለምን እንዳላገባችም ማንም አይጠይቃትም።

የዚያን እሑድ ኔርሚን ገና ከበሩ እየሳቀች ገባች። ከባሏ ጋር ሲኒማ ገብተው ሆዷን እስኪያማት ስቃ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው አለች፤ የአንዲት ሴት እጮኛ በጭነት መርከብ ሄዶ ይቀራል። ሴትየዋ በየሐሙሱ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በድስት ይዛ ወደቡ በር ላይ ትመጣለች። ድስቱን ለዘበኞቹ ትሰጣለች፤ ሲመጣ ስጡልኝ ትላለች። እነሱም እሺ ይላሉ፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ይበሉታል። ኔርሚን የሻይ ትሪውን እንደ ድስት አቀፈችና አንገቷን ሰበር አድርጋ በጠረጴዛዎቹ መሐል ተራመደች። ቀጥላ ዘበኛውን ሆነች፤ ጣቷን እየላሰች «እጮኛዋ ዛሬም ጠገበ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኡስታዝ ፈትሐላህ እንኳ፣ ይኼኛውስ ሳይረዝም አይቀርም ብለው ሳቁ።

የእንሺራህ እስክሪብቶ ቆመ።

«ስንት ዓመት ተመላለሰች አልሽኝ?»

«ዘጠኝ ዓመት፣ አብላ! እንዲህ ዓይነት ቂል አይተው ያውቃሉ? ግን ትወደዳለች።»

እንሺራህ ወደ ደብተሩ ተመለሰች። የዚያን ቀን የሦስት ተማሪዎችን ትክክለኛ መልስ በቀይ ሰርዛ ነበርና በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ከሥራ እንደወጣች ቀጥታ ሲኒማ ቤት ገባች። የከሰዓቱ ትርዒት ነበር፤ አዳራሹ ግማሹ ሞልቷል። ቢጫ ቀሚስ ኖሯት አያውቅም። ድስቱን ግን አወቀችው፣ የተቋጠረበትን ጨርቅም፣ ሐሙስንም። ይህ ይገጣጠማል ልትል ትችል ነበር። ከዚያ ጃንጥላው መጣ። በፊልሙ ሴትየዋ ጃንጥላዋን ረስታ ስትመለስ ዘበኞቹ ድስቱን ከበው ሲበሉ ታገኛቸዋለች፤ አንደኛው ቆሞ አካሄዷን እያስመሰለ ነው። እሷም ጃንጥላዋን አንሥታ፣ መልካም ምግብ ይሁንላችሁ ብላ ትሄዳለች። አዳራሹ የዚያን ያህል የሳቀበት ቦታ አልነበረም። ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ሳቁ ትንፋሽ አሳጥቶት ሚስቱን ትከሻዋን ይደበድብ ነበር።

ይህን በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረችው። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ አልቅሳ፣ ለታናሽ ወንድሟ ለዋግዲ።

ተነሥታ አልወጣችም። እስከ መጨረሻው፣ የሠሪዎቹ ስም እስኪያልፍ ተቀመጠች። የደራሲው ስም ሲመጣ ማን እንደሆነ አወቀች፤ ቡና ቤት ከዋግዲ ጋር ዶሚኖ የሚጫወት ሰው ነው።

ዋግዲ የመነጽር ሱቅ አለው። ስትደርስ ለአንድ ሽማግሌ ፍሬም እየሞከረላቸው ነበር፤ ሽማግሌው መርጠው እስኪወጡ ጥጉ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ፊልሙን አይተኸዋል?» አለችው።

የትኛውን ብሎ አልጠየቃትም። መጀመሪያ ያቃጠላት ይሄ ነው።

ልነግርሽ አስቤ ነበር አለ። ከዚያ ብዙ አወራ፤ ስሟ እንደሌለበት፣ ሰው እሷ መሆኗን በምንም እንደማያውቅ፣ ደራሲው ይጽፈዋል ብሎ በሕልሙም እንዳላሰበ። ዶሚኖ ሲጫወቱ ወሬ ወሬን አንሥቶ ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም። አንድ ሳንቲምም አላገኘበትም።

«ጃንጥላውንም ነገርካቸው?»

ሽማግሌው ያልመረጧቸውን ፍሬሞች መደርደር ጀመረ።

«ስትነግራቸው ሳቁ?»

«እንሺራህ፣ ሰው እኮ ወዷታል። መጨረሻው ላይ የሚያለቅሱም አሉ። ደግሞስ ምን ውሸት ተናገርኩ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳብሪን ጠብቀሽዋል። አልጠበቅሽውም?»

እንሺራህ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ተማሪዎቿ ከጩኸት ይልቅ ይህን ይፈራሉ።

«መሄድ ያቆምኩት መቼ ነው?» አለችው። «እስቲ አስበው።»

ዋግዲ ጣቶቹን የማሳያ መስተዋቱ ላይ አድርጎ አሰበ። ሲያስብ ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«የሳብሪ እናት ... የሞቱ ሳምንት።»

«ሳብሪ መሞቱን ያወቅኩት በመጀመሪያው ወር ነው። ኩባንያው ጠፍቷል ነው ያለው። አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ ግን መጥቶ ባሕር ሲወስደው በዓይኑ እንዳየ ነገረኝ። እናቱ ፊት መቆም አቅቶት ለእኔ ነግሮኝ ሄደ። የእሳቸው ልብ ክፉ ወሬ እንደማይችል ሐኪሙ ያለውን ታስታውሳለህ። ዓይናቸውም ደክሞ ነበር፤ ኋላማ አእምሯቸውም እየሄደ እየመጣ፣ ልጃቸው ወደቡ ላይ ሥራ የበዛበት ነበር የሚመስላቸው። ረቡዕ ረቡዕ ቅጠሉን በዳሰሳ ይጠቀልሉና ሐሙስ ድስቱን አስይዘውኝ፣ አድርሺልኝ ይሉኛል። የት ልድፋው፣ ዋግዲ? ሙሉውን መልሼ ላምጣላቸው? ለዘበኞቹ ሰጠሁ። እየሳቁብኝ እንደሚበሉት አውቅ ነበር። ባዶውን ድስት ስመልስላቸው በላ ወይ ይሉኛል። በላ እላቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ማንንም አልጠበቅኩም።»

ዋግዲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህማ እሱንም ዶሚኖ ላይ ትዘረግፈው ነበር።»

ለደራሲው አሁኑኑ እደውላለሁ ብሎ ስልኩን አነሣ። ምን ሊያስተካክልልህ ነው አለችው፤ አገር ምድሩ አይቶ ስቆ ጨርሶ። በሩን ከፍታ ወጣች። ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ትራም ላይ ተቀምጣ ሰው ፊቷን እንዲያያት አልፈለገችም።

ማክሰኞ ዕለት ኔርሚን ፊልሙን ላላዩት እያወራች ትሪውን እንደገና አነሣች። እንሺራህ ደብተሩን ዘጋች።

«እኔም አየሁት» አለች።

ኔርሚን ደስ አላት፤ አብላ ስለ ፊልም አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። «እና እንዴት አገኙት?»

«ዘበኞቹን ልክ እንደነበሩት አድርገዋቸዋል። ሴትየዋን ግን አያውቋትም።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ለዋግዲ ከነገረችው ባነሰ ቃል፣ ትምህርት እንደምታስረዳ ሆና፣ አንዱን ካንዱ እያስከተለች። ስትጨርስ ኡስታዝ ፈትሐላህ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ኔርሚን ትሪውን ማስቀመጥ ረስታ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ይቅርታ ልትል ጀመረች።

«ይቅርታሽ ምንም አያደርግልኝም» አለቻት እንሺራህ። «ሳቁን ስንት ቤት አዳርሰሽዋል? ይኼንንም እዚያው ሁሉ አድርሺልኝ።»

ኔርሚን አደረሰች፤ ይህን አይክዷትም። ለባሏ፣ ለእህቶቿ፣ ለፀጉር ሠሪዋ ሳይቀር ነገረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የማታውቃት የተማሪ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እጇን ጥብቅ አድርጋ ጨብጣት ሄደች። እንሺራህ ግን ቁጣዋ አልበረደም። ይባስ ብሎ አንዳንዴ ኮፍያ ያደረገ ዘበኛ ባንክ በር ላይ ስታይ እንደገና ይነሣባታል።

ዓርብ ዓርብ ወንድሟ ቤት ምሳ መብላት የሃያ ዓመት ልማዷ ነበር፤ አቆመች። ዋግዲ ይደውላል፣ አታነሣም። ሚስቱ ስትደውል ታነሣለች፤ ስለ ልጆቹ ጠይቃ ትዘጋለች። እንዲህ አምስት ወር አለፈ።

ዒድ ሲደርስ ፊልሙ በቴሌቪዥን ቀረበ። የሆነውን የነገረቻት የዋግዲ ሚስት ናት። ቤቱ እንግዳ ሞልቶት፣ ልጆቹ ከአክስቶቻቸው ልጆች ጋር ምንጣፉ ላይ ተደርድረው እያዩ ነበር። የጃንጥላው ቦታ ሲደርስ ሁሉም መሳቅ ሲጀምሩ ዋግዲ ተነሥቶ ሶኬቱን ነቀለው። ልጆቹ ጮኹበት፤ አማቱ ምን ነካው አሉ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ እንግዶቹ እስኪሄዱ እንደያዘ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ዓርብ እንሺራህ ሄደች። በላች፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወተች፣ የትንሿን የሒሳብ የቤት ሥራ አየችላት። ከዋግዲ ጋር ግን አልተነጋገረችም። ዳቦ ሲያቀብላት ዓይኑን ሳታይ ተቀበለችው። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ተከትሏት መጥቶ፣ ሳብሪ እንዴት እንደሞተ ያ አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ ምን ብሎ እንደነገራት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ላንተ አልነግርህም» አለችው፤ ጫማዋን አድርጋ ደረጃውን ወረደች።