ወንዝ አትሻገር

ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ላይ የአገሩ ከብት ሁሉ ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ክትባት ተሰብስቦ ሳለ፣ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ድመት በቅርጫት ይዘው ከደብራቸው ከቤተ ልሔም ደረሱ። ሰዉ ሳቀ። ይሳቅ! ያቺ ድመት ስምንት ዓመት ሙሉ የብራና መጻሕፍታቸውን ከአይጥ ጠብቃለች፤ ከሳቂዎቹ ስንቱ ይህን ያህል ሠርቷል?

«ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ተሰንቅሮባታል» አሉት የከብት ሐኪሙን በላይነህን። «ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ውኃ አትውጥም። ትናንት ላወጣላት ብል ጣቴን ነከሰችኝ።»

በላይነህ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና ቶሎ መልሶ ገጠመው።

«የኔታ፣ አጥንት አይደለም። አብዳለች።»

«የሚያብደው ውሻ አይደለም እንዴ?»

«ድመትም ታብዳለች። ዛሬውኑ ወደ ጎንደር ይነሡ፤ መርፌ አለ። በሽታው ከተነሣብዎ በኋላ ግን ማንም አያድንዎትም።»

መሪጌታ ጣታቸውን አዩ። እብድ ውሻ ለነከሰው ሰው ሥር የሚያጠጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሥሩን የጠጣ አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ጎንደር ለመድረስ ደግሞ ስንት ወንዝ አለ!

«ሥሬን ጠጥቼ፣ ወንዝ ሳልሻገር ብቀመጥስ?»

«ይሞታሉ። ወንዙ ምን አገባው፣ የኔታ?»

መሪጌታን የቤተ ልሔሟ አሰለፈች ትዝ አለቻቸው። የዛሬ አምስት ዓመት ልጇን ደጉን እብድ ውሻ ነክሶት፣ የእሳቸውን ሥር ጠጥቶ፣ በሃያኛው ቀን ከወንዝ ማዶ እህቷ ዘንድ ልካው ነበር። ልጁ ሲሞት፣ በቀብሩ ላይ፣ «ወንዝ አሻግረሽ ገደልሽው» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ፈረዱባት። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ወንዙ ካልገደለው ግን በሐሰት ፈርደውባታል፤ ከሞት ይልቅ ይህ አስፈራቸው።

ድመቷን ለሐኪሙ ትተው በቅሎ ለመኑ። የጎንደር መንገድ በወዲያ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ቤተ ልሔም ተመለሱ።

አሰለፈችን ደጇ ላይ ባቄላ ስትለቅም አገኟት። የድመቷን ነገር፣ ሐኪሙ ያላቸውን፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።

«ልጅሽን ወንዙ አልገደለውም። አንቺም አልገደልሽው። ሥሬ የሚያድን አልነበረም፤ ሳላውቅ ፈረድሁብሽ። ይቅር በዪኝ።»

አሰለፈች እጇ ባቄላው ላይ ቀረ።

«ያን ጊዜ የተናገሩት በሰው ፊት ነበር፣ የኔታ። ይህን ማን ሰማልኝ?»

መሪጌታ ፀሐይዋን አዩ። ልትጠልቅ ነው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማል» አሉ።

«ጎንደርስ?»

መሪጌታ ከበቅሎዋ ወርደው ኮርቻውን ይፈቱ ጀመር።