ያልጠራው ስልክ

«የመጋረጃ ሰፊዋ ቤት ይኼ ነው?»

ልጅቱ ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው ወዲያው አወቀችው። እናቷን ከመንገድ አንስቶ ሐኪም ቤት ያደረሰው ባለታክሲ ነው። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ የነገራትን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እናቷ በቃሏ የምታውቀው የቤቱን ስልክ ብቻ ነበር። ባለታክሲው በራሱ ስልክ ደጋግሞ ደወለ፤ «ይህ ስልክ የማያውቀውን ቁጥር አይቀበልም» እያለ መለሰው። ነርሷ የልጅቱን የመሥሪያ ቤት ካርድ ከእናቷ ቦርሳ አግኝታ እስክትጠራት እናቷ በሕይወት አልቆየችም። አባቷ ደግሞ ያን ከሰዓት ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

ባለታክሲው ለቅሶ ሊደርስ ገብቶ አባቷ ጎን ተቀመጠ።

እናቷ ከመሞቷ በፊት አንድ የአጭበርባሪዎች የተቀዳ ድምፅ በቤቱ ስልክ እየደወለ፣ አንዴ «ዕጣ ወጥቶልዎታል»፣ አንዴ «ሂሳብዎ ሊታገድ ነው» እያለ ቤቱን ሰላም ነስቶት ከርሞ ነበር። እናቷ የስፌት መኪናዋን ትታ እየሮጠች ታነሳው ነበር። ማሽን መሆኑ አልዋጥ ብሏት ትለማመጠዋለች፤ እሺ የኔ ጌታ፣ ባለቤቴ ይምጣና እንነጋገር ትለዋለች። ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ እንዲህ ከተግባባችሁማ ልጅሽን ዳሪለት እያለች ታሾፍባት ነበር። በኋላ ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር እናቷ እየደነገጠች መርፌው ጣቷን ይወጋት ጀመር። ልጅቱ ትዕግሥቷ አለቀ፤ ከቤተሰብ ቁጥር ሌላ እንዳይገባ አዘጋችው። የተቃወማት አባቷ ብቻ ነበር።

«ስልክ ደጅ ነው» አላት። «ደጅ ይገርበባል እንጂ አይጠረቀምም።»

አካበድክ አለችው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አሁን ለእንግዳው ውሃ ይዛ ስትመለስ ፀጉር ሠሪዋ ምርመራዋን ጀምራለች። የት ወደቀች፣ ምን አለች፣ ማን ደገፋት። ባለታክሲው አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ልጅቱ የምትቀጥለዋን ጥያቄ ሳትጠየቅ ሰማቻት።

«ታዲያ ምነው ለቤቷ ሰው ብትደውል?»

«ኧረ ደውያለሁ እኮ፣ እትዬ። ስልኩ ግን...»

ቀና ብሎ ልጅቱን አየና ቃሉን ዋጠው። ብርጭቆው እጇ ላይ አዘነበለ፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አባቷ ፊቷን አየ። ዓይኑን አልነቀለም።

«ስልኩን እኔ ነኝ ያዘጋሁት» አለ። «የማሽኑ ልፍለፋ አማሮኝ። ልጄ እንኳ ተው ብላኝ ነበር።»

«አባዬ...»

«ውሃውን አምጪው፣ ጠምቶኛል።»

ፀጉር ሠሪዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቱ ተጠግታ ጎንበስ አለች። አባቷ ብርጭቆውን በሁለት እጁ፣ ከጣቶቿ ጋር ጨምሮ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። ወደ አፉ ወስዶ፣ ጉሮሮውን እያንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው።