የኦቦ ደገፋ ሰላምታ

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. የሱሉልታ እድር ዳኛ ሲያርፉ፣ በሚመጣው ምርጫ ወንበሩ ከደገፋ እንደማያልፍ ሁሉም ተስማማ። ደገፋም ከልቡ ይመኘው ነበር።

ያስከበረው ሰላምታው ነው። ገበያ ሲሄድ ያገኘውን ሁሉ አቁሞ፣ በ«አካም ጅርታ» ጀምሮ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሞቹ፣ ላም ከሌለውም ሊገዛት ስላሰባት ላም ይጠይቃል። «እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ የት ይገኛል?» ይባልለታል።

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ወርቅቱ ነበረች። ጥቂት ሲራመድ ሕመም ግራ ባቱን እንደ ጉጠት ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ካልቆመ አይለቀውም። ያለ ምክንያት መንገድ ላይ መገተር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሕመሙ በጠና ቁጥር ትሕትናው በረታ። አንድ ቀን ሰው ቢያጣ ለታሰረች በቅሎ እጅ ነሣ፤ ይህም እንደ ደግነት ተቆጠረለት።

አውራ ጣቱ ሲጠቁር ወርቅቱ እየጎተተች አዲስ አበባ ወሰደችው። አንድ የውጭ አገር ሐኪም በራጅ አይቶ የጭኑ ደም ሥር ጨርሶ መደፈኑን ነገረው። እግሩን ከመቁረጡ በፊት አዲስ ነገር ሊሞክር ፈለገ። ብሽሽቱን በመርፌ በስቶ ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይም ቀጭን ቱቦ ሰደደና የተደፈነውን ሰንጥቆ አለፈ። ደገፋ እንደነቃ ተጋድሞ ሳለ እግሩ ሲሞቅ ተሰማው።

ሱሉልታ ሲመለስ አንዴም ሳይቆም ገበያ ደረሰ። አገር አዘነበት። ፈረንጅ ነክቶት ኮራ አሉ። ታክሜ ነው ቢል ጠባሳህን አሳየን አሉት፤ ብሽሽት ደግሞ በገበያ አይገለጥም። ቱቦው ትሕትናውን ጠርጎ አወጣው ያለም አልጠፋ።

አሁን የሚወደሰውም ለወንበሩ የሚታሰበውም ሌላው የመንደሩ ሰው ባይሳ ሆነ። ደገፋ አንድ ቅዳሜ ከኋላው ተከተለው። ባይሳ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ የአንዲት አሮጊት የልጅ ልጆችን በየስማቸው ይጠይቃል፤ እጁ ግን ባቱን ያሻል። ደገፋ ቀረበው፤ ለጽድቅ ይሁን ለምርጫው ራሱም አልለየውም።

«ባትህን ነው አይደል?»

ባይሳ ዙሪያውን ቃኘ። «ማን ነገረህ?»

«ሐኪሙን አውቀዋለሁ። ጣትህ ሳይጠቁር ነገ እንሂድ። እኔን አታየኝም?»

«አንተንማ አየሁህ» አለ ባይሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰው እንኳ አልቀረልህም። ምርጫው ይለፍና እንሄዳለን።»