የዘርፉ ማመልከቻ

ዘርፉ ፊደል የቆጠረችው በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ናዝሬት፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ መሠረተ ትምህርት በተጀመረ ጊዜ ነው። ያስተማራት ወልደአማኑኤል ነበር። ቅኔ ተምሮ ያደገ፣ ዘመኑ ሲለወጥ ጥምጥሙን አውልቆ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው።

ባሏ ገርባ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ፀረ አብዮተኞችን ጭነሃል ተብሎ ቀበሌ ከታሰረ ሰባት ወር ሆኖታል። አንድ ቀን ዘርፉ በገዛ እጇ የጻፈችውን ማመልከቻ ለመምህሯ አሳየችው። «ባለቤቴ ከታሰረ ወዲህ አበሳችንን እያየን ነው። የእሱንም አበሳ አይታችሁ ልቀቁልኝ» ይላል። ወልደአማኑኤል ደስ ብሎት ሁለት ፊደል አረመና መለሰላት። እሷም ለቀበሌው አስገባችው።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌው አስጠራው። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ አብተው ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል። ዘርፉ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ጓድ መምህር፣ ግዕዝ ያውቃሉ ይባላል። አበሳ ምን ማለት ነው?»

«በግዕዙ... በደል ማለት ነው። ኃጢአት።»

«ጥፋት ማለት ነዋ።»

«አዎ፣ ግን...»

«ግን ምን?»

ወልደአማኑኤል አፉን ከፈተ። ሕዝቡ አበሳዬን አየሁ ሲል መከራዬን ማለቱ መሆኑን መንገድ ላይ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አብተውም ያውቃል። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ነገር ግን አብተው ሌላ ባዶ ወረቀት ስቦ ብዕር አነሳ፤ የመምህሩን ስም ሊጽፍ መሰለው።

«ምንም» አለ።

ዘርፉ ቀና ብላ አየችው።

«ሚስትየዋ የባሏን ጥፋት በጽሑፍ አምናለች» ብሎ አብተው ጻፈ። ገርባ በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ እስር ቤት ተላከ። ዘርፉ ስንቅ ይዛ ስትሄድ ቦታው ባዶ ነበር።

ወልደአማኑኤል ይቅርታ ሊጠይቃት ሁለት ጊዜ ደጇ ድረስ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ሳያንኳኳ ተመለሰ። እሷም ወደ ትምህርቱ አልመጣችም።

ገርባ ከአራት ዓመት በኋላ ተፈታ። ግራ እጁ አይታዘዝለትም፤ መኪና መንዳቱ ቀርቶ ሞጆ አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆነ። አንድ እሑድ ወልደአማኑኤልን ገበያ ላይ አግኝቶ አቀፈው።

«ሚስቴን ፊደል ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት አሉ። እንዲህማ አይለያዩኝም» ብሎ እየጎተተ ቤቱ ወሰደው።

ዘርፉ ስታየው ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ወንበር አቀረበችለት። ምሳ ቀርቦ ገርባ ስለ እስር ቤቱ እያወራ ሳለ፣ «እኔ የማይገባኝ፣ ለመፈታት ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው አሉ የላኩኝ። ምን አግኝተውብኝ ይሆን?» አለ።

ወልደአማኑኤል የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። «አቶ ገርባ፣ እኔ...»

«ይብሉ እንጂ መምህር፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አለች ዘርፉ። ስለ ማመልከቻው ለባሏ ነግራው አታውቅም፤ ዓይኗ ይለምነው ነበር።

ገርባ በደህናው እጁ ጠቅልሎ አጎረሰው።