ጥቁር የለበሱት መብራቶች

ባሌ ጎበዜ መኪናውን ከእኔ አብልጦ ይወዳታል ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ እሱም አይክድም። ነጭ ሱባሩ ናት፤ በሦስት ባለቤቶች እጅ ያለፈች፣ በሯ ሲዘጋ የምታቃስት። በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከመጣን በሰባተኛው ክረምት ተጨማሪ መብራት ካልገጠምኩላት ብሎ ተነሣ።

«ሁለት ዓይን አላት፤ ምን ጎደለባት?» አልኩት።

«አሰፋሽ፣ አንቺ በጉም ነድተሽ አታውቂም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይም ነድቼ አላውቅም።

በጉሙ ግን አላጋነነም። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናት፤ በዚህ አገር ክረምት፣ በተለይ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መቫሰሬት የሚወስደው መንገድ ነጭ በነጭ ይሆንና ሰው የገዛ እጁን ያጣል። ጎበዜ የሚሠራው ከከተማው ውጭ ካለ ዳቦ ፋብሪካ ስለሆነ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔም የመድረሱን ስልክ እስክሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ ይኮራል።

አራት መብራት ገዝቶ መጣ። ሁለቱ ብርሃን ሩቅ የሚወረውሩ ፓውዛዎች፣ ሁለቱ ቢጫ የጉም መብራቶች ናቸው። የምንኖረው ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ግንብ ትይዩ፣ ካንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ነው። መኪናዋን እዚያ ጠባብ መንገድ ዳር አስጠግቶ ኮፈኗን ከፈተ። ፓውዛዎቹን ከፍ አድርጎ፣ የጉሞቹን ከፊት መከላከያው ሥር ዝቅ አድርጎ አሰራቸው። ሽቦውን ከባትሪው አንሥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው ማብሪያ፣ ከማብሪያው በቀጥታ ወደ መብራቶቹ ወሰደው። እኔ ሽቦ ያዢ ነበርኩ፤ ማን ጠይቆኝ።

ሲያበራው ሰፈሩ ቀን ሆነ። ወዲያው ደግሞ ማብሪያው ይሸት ጀመር፤ ፕላስቲኩ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ጎበዜም በእጁ ልንቀል ብሎ ጣቶቹን ጠበሰ። ውሃ እያመጣሁለት ሳቅሁበት።

በሳምንቱ ታልፒዮት ሰፈር ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለፓውዛዎቹና ለጉሞቹ የየብቻ ማብሪያ፣ ፊውዝና ሪሌ የምትባል ትንሽ ሣጥን ሰጠው። ጎበዜ ቁም ነገር የተማረ ቀን ለእኔ ሳያስተምር አያድርም።

«ስሚ» አለኝ፤ «ትልቁ ኃይል በትንሿ ማብሪያ አያልፍም፤ ያቃጥላታል። ማብሪያዋ ለሪሌዋ ሹክ ትላታለች። ከባዱን ከባትሪው ተቀብላ ለመብራቱ የምታደርሰው ሪሌዋ ናት።»

«ሽማግሌ ናት በለኛ» አልኩት።

ይህን ወደደው። ከዚያ ወዲያ ሪሌዋን «አባ ውዱ» ይላት ጀመር። አባ ውዱ የዘመዶቻችን ታላቅ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ሠርግም ዕርቅም አይሆንም።

የቀረው ማስተካከል ነበር። መብራት የሚስተካከለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ የተሻለ ግድግዳ ደግሞ በሰፈሩ የለም። አንድ ማክሰኞ ሲመሻሽ መኪናዋን ፊት ለፊቱ አቆመና ግንቡ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። የፓውዛዎቹ ብርሃን ከላይኛው መስመር እንዲያርፍ፣ የጉሞቹ ከታችኛው መስመር ሳይወጡ ወደ ጎን እንዲሰፉ ብሎን ሲያጠብቅ ሲያላላ፣ የግቢው በር ተከፍቶ አንዲት መነኩሲት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ግንቡ ምን አጠፋ?»

«መብራት እያስተካከልኩ ነው፣ እማሆይ።»

«አስተካክል። ጠመኔውን ግን ስትጨርስ ታጥበዋለህ።»

እኛ ቤተ እስራኤል፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ ቁጣቸው ግን ቁርጥ የእናቴ ነበር። ጎበዜ ባልዲ ይዞ ግንብ አጠበ።

የመጀመሪያው ጉም ሲመጣ አብሬው ነበርኩ። አራቱንም ባንድነት አበራቸው። ብርሃኑ ጉሙን መታና ተመልሶ የገዛ ዓይናችን ውስጥ ገባ፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊታችን የቆመ መሰለኝ። «አጥፋው!» ብዬ ጮኽሁ። ፓውዛዎቹን አጠፋና የጉሞቹን ብቻ ተዋቸው። ቢጫው ብርሃን በጉሙ ሥር ሾልኮ የመንገዱን ጠርዝ አወጣልን። ጉም ከላይ ሲበራበት ይብሳል፤ ከሥር ነው የሚያዘው። ጎበዜ እስክንደርስ ያፏጭ ነበር።

ችግሩ የመጣው መብራቱ በመሥራቱ ነው።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ኢትዮጵያ የቀረ ዘመድ ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለአባ ውዱ ይደርሳል። እሳቸው ዘመድ ያሰባስባሉ፤ ባለ ሐዘኑ ምንም ሳይሰማ ይሰነብትና አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ደጁ ይደርሳሉ። መርዶ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጉም አለ። በጉም የሚነዳ ማን አለ? ጎበዜ አለ።

በዚያ ክረምት ስንት መርዶ እንዳመላለሰ አልቆጠርኩም። ሴቶቹ ቢጫውን መብራት በመስኮት ሲያዩ ደረታቸውን ይይዙ ጀመር። አንድ ጠዋት የተዋስነውን ወንበር ሊመልስ ሄዶ፣ የቤቱ እመቤት በሩን ሳትከፍት ኡኡታዋን ለቀቀችው። ሕንጻው ሁሉ ተሰበሰበ። ጎበዜ ወንበሩን ታቅፎ መሐላቸው ቆሞ ቀረ።

ይህን ሲነግረኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

«አሰፋሽ፣ አንድ ቀን እንኳ የምሥራች ብዬ በር ላንኳኳ» አለኝ። «አንድ ሰው ምሥር ብላ ይበለኝ።»

አሳዘነኝ። ከሁሉም የከበደው የአክስቱ የእማማ ልቅናሽ ነገር ነበር። እናቱ ሞተውበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። መቫሰሬት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው አማረች ጎንደር ቀርታለች፤ የእማማ ልቅናሽ እናት ዓይናቸው ጠፍቶ፣ «በሰማይ አልሄድም» ብለው እንቢ ስላሉ፣ አያቷን ልትጦር ቀረች። ጎበዜ ለእማማ ልቅናሽ ጎረቤት መርዶ ያደረሰ ለታ በመስኮት አይተውታል።

«ጎበዜ» አሉት፣ «ያንን ቢጫ ዓይን አብርተህ ደጄ እንዳትቆም። ልጅ አለችኝ። ልቤን ታፈነዳዋለህ።»

ልባቸው እውነትም ደካማ ነው፤ በክኒን ነው የሚኖሩ። ጎበዜም ወደ እሳቸው መሄድ ፈራ፤ ሲሄድም በአውቶቡስ ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ምሽት አባ ውዱ ደወሉ። ጎበዜ ስልኩን ሳይዘጋ ዘለለ። አማረች ተሳፍራለች፤ ነገ ጠዋት ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች!

«ለእማማ ልቅናሽ አሁኑኑ ደውልላቸው» አልኩት።

«የምሥራች በስልክ? ክረምቱን ሙሉ መርዶ ተሸክሜ ዞሬ፣ ደስታውን ስልክ ይውሰድብኝ?»

«ነገ ጉም ቢሆንስ? መብራትህን ሲያዩ...»

«አስቤበታለሁ» አለ። እሱ አስቤበታለሁ ሲል እኔ እሰጋለሁ።

አባ ውዱም ካልሄድኩ አሉ። ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው አነሣናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ። ጉሙ የጉም አባት ነበር። በቢጫው መብራት እየዳሰስን መቫሰሬት ደረስን። ከመታጠፊያው ላይ ጎበዜ መኪናዋን አቁሞ ወረደና ከኪሱ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አወጣ። አራቱንም መብራቶች አንድ ባንድ ሸፍኖ በሲባጎ አሰራቸው።

«ሌላ ቀለም አጣህ?» አልኩት።

«ፌስታል ፌስታል ነው። ዋናው አለማየታቸው ነው።»

አባ ውዱ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የቀረውን መንገድ በዔሊ እርምጃ ሄድነው።

እማማ ልቅናሽ ለጸሎት ተነሥተው መስኮቱ ላይ ቆመው ነበር። ያዩትን እኔም አሁን ይታየኛል። ጎህ ሲቀድ፣ ከጉም ውስጥ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ መኪና፤ መብራቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፤ ከፊት ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ሴት ተከናንባለች። መርዶ በልክ ቢሰፋ እንዲህ አይገጥምም።

«የምሥራች!» እያለ ጎበዜ ደረጃውን ዘለለው። «አክስቴ፣ የምሥራች!»

በሩ ተከፈተ። ምሥር ብላ አላሉትም።

«መብራቱን ለምን ሸፈንከው?»

«እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

«ደስታ ቢሆን አብርተኸው ትመጣ አልነበር?»

«አማረች ዛሬ ትገባለች፣ አክስቴ! አሁን ልንቀበላት ነው!»

«እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ አባብዬ አርድቻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «መጀመሪያ ደኅና ናት ይባላል፤ ኋላ ትንሽ አሟታል፤ ኋላ ቁርጡ። ለመሆኑ እናቴን ለማን ጥላት ነው የምትመጣ? አማረቼ እናቴን ጥላ አትመጣም። መጣች ካላችሁኝ የለችም።»

ይህን አባ ውዱን ጎበዜም እኔም አልጠየቅናቸውም ነበር። እማማ ልቅናሽ ወደ አባ ውዱ ዞሩ።

«አባ ውዱ፣ እርስዎ አይዋሹም። ልጄ በሕይወት አለች?»

«አለች» አሉ አባ ውዱ። ሌላ አልጨመሩም።

አላመኗቸውም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወገባቸውን በመቀነት አሰሩ፤ ጮኹ። ጎረቤት ጎረፈ፤ ቀድሞ የደረሰው ሁሉ አብሮ ያለቅስ ነበር፣ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ጎበዜ ከዚህም ከዚያም እየተሯሯጠ «ማንም አልሞተም! በሴደር ነው! በሴደር!» እያለ ሁሉ ደኅና መሆኑን በዕብራይስጥ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ እኔ ራሴ ፈራሁ። ልጃቸው በር ላይ ደርሳ እሳቸው በለቅሶ ሊሞቱብን ነው ብዬ ክኒናቸውን ፈልጌ አስዋጥኳቸው።

«ልቅናሽ፣ ተነሺ» አሉ አባ ውዱ በመጨረሻ። «በዓይንሽ ታይያለሽ።»

ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባናቸው። ጎበዜ ፌስታሎቹን ቦጫጭቆ ጣላቸውና የጉሞቹን ብቻ አበራ። ቁልቁል ወደ ሻዓር ሃጋይ ሸለቆ ስንወርድ መንገዱ ጥቂት ክንድ ታይቶ ይጠፋል፤ እሱ ሁለት እጁን መሪው ላይ ተክሎ ያንን ነጭ መስመር ይከተላል፤ እማማ ልቅናሽ እጄን ጨብጠው ሙሾ ያወርዳሉ።

*ማን ዓይኗን ከደነ፣ ማን አፈር አለበሰ፣*
*ለአማረች፣ እንባዬ ከቀብሯ ላልደረሰ።*

ጎበዜ በመስታወቱ ያያቸውና እንባው ይመጣል። «አጥራ ዓይንህን፣ ጉም ነው» እለዋለሁ። እኔም ግን አልቻልኩም፤ ልጅቱ በሕይወት እንዳለች እያወቅሁ አለቀስኩላት። አባ ውዱ ብቻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጉሙን ይመለከታሉ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ነበር።

መቀበያው አዳራሽ በአበባና በፊኛ ተሞልቷል። ሰዉ የእኛን ለቅሶ ሲሰማ መንገድ ለቀቀልን። ብዙ ሰው ወጣ፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን ሴት ሻንጣ የጫነ ጋሪ እየገፋች ብቅ አለች። ፎቶግራፏን ስለማውቅ ወዲያው ለየኋት።

«ይኸው!» አለ ጎበዜ። «ይኸው፣ አክስቴ!»

እማማ ልቅናሽ ሙሾውን አቆሙ። አማረችም አየቻቸው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ የታሰረውን ወገብ፣ ያበጠውን ዓይን፣ አጠገባቸው የቆሙትን አባ ውዱን። ጋሪውን ለቀቀችው። ሮጣ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማዬ፣ ማን ነገረሽ?»

ከዚያ ወደ አባ ውዱ ቀና አለች።

«አባ ውዱ፣ እናትሽ ሳምንት ደስ ይበላትና ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል አላሉኝም? አፌን ይዤ መጣሁ እኮ! አያቴን እኔ ነኝ የቀበርኳት፣ እማዬ። እጄ ላይ ናት ያረፈች። እስከ መጨረሻው አንቺን ስትጠራ ነበር።»

ጎበዜ እኔን አየኝ፤ እኔ አባ ውዱን አየሁ፤ አባ ውዱ መሬቱን ያዩ ነበር። መኪናችን ለካ ያን ቀንም መርዶ ጭና ነው የመጣች።

እማማ ልቅናሽ ጎንበስ ብለው ልጃቸውን ከወለሉ አነሷት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰሱት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ አንገቷን ሳሙ፤ እንደ ሕፃን አሸተቷት።

«ሰው መሞቱንማ መኪናውን ሳየው አውቄ ነበር» አሉ። «የሳትኩት ማን መሆኑን ነው።»

ከዚያ አንድ ጊዜ እልል አሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ። ወዲያውም አማረችን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እንደያዙ ሙሾውን ካቆሙበት ቀጠሉት፤ ስሙን ብቻ ለወጡት።