ባህረዲን የነካት የመጨረሻ መኪና

«አውፍ ብለነዋል!» አለ ድንኳኑ በሙሉ፣ በአንድ አፍ።

ያስባሉት ሐጂ ሙናዊር ናቸው። መሳለሚያ ሰፈር ሙስሊም ሲሞት እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ይነሳና «ያስቀየመው ሰው ካለ ለአላህ ብሎ አውፍ ይበለው» ይላል፣ ሰዉ ይቅር ይላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በቃ። ሰልሰቢል ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ትሰማለች። የመካኒኩ አባቷ የባህረዲን ስም በተጠራ ቁጥር ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች።

ከዚያ አንድ ድምፅ ዘግየት ብሎ መጣ።

«እኔም ይቅር ብዬዋለሁ» አለ ጎበዜ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ። «መኪናዬን አበላሽቶ ቢሰጠኝም… ይሁን። ነፍሱን ይማረው።»

እንዴ! ማን ነው ያበላሸው? ባህረዲን? ያ መኪና ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል፣ ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ «ይሄ ዘይት እየበላ ነው» የሚለው ባህረዲን? ሰልሰቢል ሳታስበው ተነስታ በሩ ጋ ደርሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ!» አክስቷ ሰዓደት ቀሚሷን ያዘቻት። «ወንዶች መሀል ምን ልትሠሪ ነው? ለቅሶ ላይ እኮ ነን!»

«እና ዝም ልበል? አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ሲያጠፉት?»

«ተዪያት» አለች እናቷ ማሂራ ከጥጉ። ከጠዋት ጀምሮ ቃል ሲወጣት የመጀመሪያዋ ነው።

ሰልሰቢል ድንኳኑ ውስጥ ዘው አለች። «ጋሼ ጎበዜ፣ ይቅርታዎትን ይመልሱት!»

ጎበዜ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን አልሽ?»

«ያላጠፋውን ይቅር አይበሉት። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን መጀመሪያ እንይ። መኪናዋን ምኗን ነው የሚያማት?»

«ሐኪሟ መጣች!» ብሎ አንዱ ሳቀ። ሐጂ ሙናዊር ሲያፈጡበት ሳቁን ዋጠው።

«ሰልሲ፣ ልወቅሰው ብዬ እኮ አይደለም» አለ ጎበዜ አፍሮ። «አዲስ ካንዴላ ገጠመልኝ። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ ቆማ ስትነሳ እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ዳገቱን አልወጣም ብላ ተሳፋሪው በሙሉ ሰደበኝ። ቤንዚኑን ደግሞ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው።»

«ያስነሷት።»

አባቷ ያስተማራት ዓይኗን ሸፍኖ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጋራዡ ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጣትና በዚያ ዘይት ዘይት በሚሸት መዳፉ ዓይኗን ይከድናል። ከምን አለሽ ተራ የሚመጣው የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ጆሮ ይበጥሳል። «እሱን ተይው፣ ሞተሩን ብቻ ስሚ» ይላታል። «መኪና እንደ ሕፃን ናት፣ የት እንዳመማት አትነግርሽም፣ ግን ምልክት አላት። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶባታል ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለች ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ ገብቷል። ሳታዪ ሳትሰሚ መፍቻ እንዳታነሺ!» ሕመሟን ስታገኘውማ፣ ወይኔ ደስታው! «የኔ መካኒክ!» እያለ ጎረቤቱን በሙሉ ይጠራል።

ጎበዜ ከድንኳኑ ደጅ የቆመችውን ሚኒባስ ከፍቶ ወንበሩን ገለበጠላት፤ ሞተሯ ከሥሩ ነው። ስትነሳ እውነትም ተንቀጠቀጠች። ሰልሰቢል መጀመሪያ ወደ ኋላ ሮጣ ጭሱን አየች። ጥቁር አይደለም፣ ሰማያዊም ነጭም አይደለም፤ የቤንዚን ሽታ ብቻ አለው። ተመልሳ ጆሮዋን አስጠጋች። ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ። ነዳጅ ሲሰጣት ትፍታው ይፈጥናል። የሆነ ቦታ ያስተነፍሳል!

በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይዛ የካንዴላዎቹን፣ የነዳጅ መለኮሻዎቹን፣ ገመድ ተራ በተራ ነቅላ መመለስ ጀመረች። አንደኛውን ስትነቅል ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስትነቅል… ምንም። ድምፁ ያው።

«እሱ ነው! ሦስተኛው ነው የማይሠራው!» ብላ ዘለለች። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በክንዷ ያዘች።

ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቁ። እጇን ከታች ሰደደች። ካንዴላዋ አዲስ ናት፣ አልተሰበረችም፣ አልከሰለችም።

በጣቷ ነካ ስታደርጋት ዞረች።

በጣቷ! ያለ መፍቻ! ካንዴላ እኮ እንዲህ አይዞርም፤ ከተጠበቀች አይዞርም።

«እህስ ልጄ?» አሉ ሐጂ ሙናዊር። ድንኳኑ በሙሉ ወጥቶ ዙሪያዋን ቆሟል። «የማን ጥፋት ነው?»

የመንገዱ ጉድጓድ ነው ያላላት ብትል ማን ያውቅባታል? ማንም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን አባቷ ሰሞኑን «ነይ አንቺ አጥብቂው፣ ልምምድ ይሁንሽ» ይል የነበረው መጣባት። ብሎን ሲሆን እሷን ይጠራል፣ ካንዴላ ሲሆን እሷን ይጠራል። የውሃ ጠርሙስ እንኳ «ክፈቺልኝ» ሲላት «አባዬ፣ ሰነፍክ!» ብላ ስቃበታለች፤ እሱም እየሳቀ እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ። መካኒክ እያደረጋት ነበር የመሰላት። የጎበዜ መኪና የመጣች ቀን ደግሞ እሷ ፈተና ላይ ነበረች።

«የአባዬ ነው» አለች። «አላጠበቃትም። ማጥበቅ አልቻለም። እጁ አቅም አጥቶ ነበር።»

«ያ ረቢ!» አለች ከኋላ የደረሰችው ሰዓደት። «ማን ነገረሽ?»

«ልክ ናት» አለች እናቷ ከበሩ። «የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት። ሰው እንዳይሰማ ብሎ አስምሎኝ ነው።»

ሰልሰቢል መፍቻ ተቀበለች። ካንዴላዋን አልዞርም እስክትል አጠበቀች፣ ገመዱን መለሰች፣ «ያስነሷት» አለች። ሚኒባሷ ተነሳች። መንቀጥቀጥ የለም። ያ ትፍ ትፍ የለም። ድምፅዋ ልስልስ ብሎ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ።

«አሁን» አለች ወደ ጎበዜ ዞራ። «አሁን ይቅር ይበሉት።»

ጎበዜ ከመኪናው ወረደ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አውፍ ብዬዋለሁ» አለ። «ከልቤ።»

እጁን ዘረጋላት። ሰልሰቢል መዳፏን አየችው፤ በግራሶ ጠቁሯል። ጨብጣ ደበቀችውና፣ እንደ ጋራዥ ሰው፣ የእጇን አንጓ ሰጠችው። ጎበዜ አንጓዋን በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታና ጥቁሩን መዳፏን ጨበጠው።